መስኮቱ ሲሰፋ የሚጠፋው ፊደል

ወንድሜ ሲሞት ከእጁ ሥራ አንድ ነገር ብቻ አገልግሎት ላይ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አቤቱታ የሚጻፍባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም።

የሱቋን ባለቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ጽሕፈት የተማሩት በድሮው ታይፕ ስለሆነ ጣታቸው የሚያውቀው የታይፑን ቦታ ነው። በሌላ ፕሮግራም ሲጽፉ አንዷን «ሀ» ፍለጋ ይንገላታሉ። ወንድሜ እሳቸው ጋ ተቀጥሮ ሲሠራ ይህን አየ፤ ፊደሎቹ በታይፑ ቦታ የሚገኙበት ፕሮግራም ሠራላቸው። ስም አላወጣለትም። እሳቸው «የልጁ» ይሉታል። «የልጁን ክፈትልኝ» ይላሉ።

በክረምቱ ሱቋ ሰፊ ስክሪን ገዛች። ወንድሜ የታመመው በዚያው ሳምንት ነው። አልተነሳም።

ከቀብሩ ወር ካለፈ በኋላ እትዬ አስጠሩኝ። ስደርስ አንድ ደንበኛ ወረቀት እያውለበለበ ይጮሃል።

«‹አልፈረምኩም› ብዬ ነው ያስጻፍኩት! ‹ም›ን ማን በላት? ዳኛው ፊት ቆሜ በአፌ ልጨምርባት?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁኑኑ ይስተካከላል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መስኮቱን በማውሱ ጎተቱት። መስኮቱ ሰፋ። መስመሩም አብሮ ረዘመ። ወረቀት የሚመስለው ነጭ ቦታ ግን ከድሮው ስክሪን ልክ አላለፈም። ከነጩ ያለፈ ፊደል አይታይም፤ ሲታተምም አይወጣም።

«መስኮቱን ሳያሰፉ ቢጽፉስ?» አልኳቸው።

«በየትኛው ዓይኔ? ፊደሉን ካላተለቅኩት አላይም፤ ሲተልቅ ደግሞ ጠባቡ አይበቃውም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሱን ነገር ማጥፋት አልፈልግም፣ የኔ ልጅ። ግን እንጀራዬ ነው። ሰኞ ባለሙያ ይመጣል፤ ሁሉንም አጥፍቶ አዲስ ይጭንልኛል። እስከዚያ ከቻልክ ሞክር።»

እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። የማውቀው ወንድሜ አጠገቡ አስቀምጦ ያሳየኝን ያህል ነው። የፕሮግራሙን ኮድ በፍላሽ ገልብጬ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቤታችን፣ በሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት።

መጠሪያዎቹ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ የጻፋቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «መስኮት» አለ። «ነጩ» አለ። «ቁመት» አለ። ሳነባቸው ድምፁ ይመጣብኛል። ያኔ አቆማለሁ። እንደገና እጀምራለሁ። እንደገና አቆማለሁ።

መስኮቱ ሲጎተት የሚሠራው ክፍል ውስጥ አንድ ማስታወሻ አገኘሁ። «ወርድ ነገ» ይላል፣ እሱም በእንግሊዝኛ ፊደል። ወርድ ያለው ያንን ሁሉም ሰው የሚጽፍበትን ፕሮግራም መሰለኝ። ወንድሜ እንግሊዝኛውን እንደሚነገረው አድርጎ ነበር የሚጽፈው። እንግዲያው ሁለቱ ፕሮግራሞች ተጋጭተዋል አልኩ። ሱቋ ሄጄ ወርድን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁት።

ነጩ ቦታ እንደነበረ ነው። ይባስ ብሎ በወርድ የተቀመጡት የደንበኞች ጽሑፎች አልከፈት አሉ።

እትዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ምን አደረግክ? የሱን ልታድን መጥተህ ሱቄን ልትዘጋ?»

እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ሰው ያየኝ አየኝ። ሰኞ ያ ባለሙያ የሚባለው ሰውዬ ቁልፍ ይጫናል፤ ወንድሜ ሁለተኛ ጊዜ ይሞታል። እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።

እሁድ አርባው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴና ጎረቤታችን ግቢው ላይ የእድሩን ሸራ ይወጥራሉ። እኔ ውስጥ ኮዱ ላይ አፍጥጫለሁ። አሁን አላነበውም፤ ዝም ብዬ አየዋለሁ። የእናቴ ድምፅ በበሩ ገባ።

«ቁመቱስ ደርሷል። ወርዱ ነው ያነሰን።»

ተነስቼ ወጣሁ። «እማዬ፣ ምን አልሽ?»

«ሸራውን ነዋ። ወርዱ አነሰ።»

«ወርዱ ማለት?»

ጎረቤታችን ሳቀች። «አይ የዘንድሮ ተማሪ! አስራ ሁለተኛ ጨርሰህ ወርድ አታውቅም? ስፋቱ፣ የጎኑ!»

እናቴ አልሳቀችም። «ወንድምህ ያውቃል» አለች። «ጨርቅ ግዛ ብዬ ስልከው ወርዱን ሳይጠይቅ ገዝቶ አያውቅም።»

«ያውቃል» ነው ያለችው፣ «ያውቅ ነበር» አይደለም። ጎረቤታችን ፊቷን አዞረች።

ተመልሼ ገባሁ። ወንድሜ መስኮቱ ሲጎተት የነጩ ቁመት አብሮ እንዲለወጥ አድርጓል። ወርዱን ለነገ አሳድሮታል። በነጋታው ሆስፒታል ገባ። ነገሩ ይኸው ነው። ከቁመቱ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የነጩ ወርድ የመስኮቱን ወርድ ያህል ይሁን የሚል። ማስታወሻው አሁን ሥራ የለውም፣ ላጠፋው ይገባ ነበር። እጄ እምቢ አለ።

ሰኞ ጠዋት ፍላሹን ይዤ ስደርስ ባለሙያው ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፍላሹን ብቻ ዘረጋሁ። እትዬ አዩኝ፤ ከዚያ ሰውዬውን «እስቲ አንዴ ተነስልኝ» አሉት።

የታረመውን ከፍላሹ ጫንኩላቸው። መስኮቱን እስከ ጥግ ጎተቱት። ነጩ ተከተለው። መስመሩ ጥግ እስኪደርስ ጻፉና መጨረሻው ላይ «አልፈረምኩም» የሚለውን አስቀመጡ።

«‹ም› አለች» አሉ በቀስታ። ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ወርድን መልስልኝ። የልጁን እንዳትነካ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወጥቼ ወደ ሰንጋ ተራ ቁልቁል ስሄድ ግን በሆዴ የነበረው ሌላ ነው። ኮዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ለነገ ያሳደረው፣ እኔ የምጨርስለት ሌላ ሥራ የለም።