ግሪሳ ያልኳቸው ወፎች

ግራሩን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም፤ በሰይጣን ላይ ማላከክም አያምርብኝም።

ግራሩ ከግቢያችን በር፣ ከማሽላው ማሳ ጥግ ነበር የቆመው። ቢጫ ወፎች ጎጆአቸውን አንጠልጥለው አንጠልጥለው ቅርንጫፉን አጉብጠውታል። ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ፤ ጠቡ፣ ሠርጉ፣ ገበያው ሁሉ እዚያ ነው። ሸዋ ሮቢት ከተማ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ዓይናቸው የጠፋውን አባቴን ልጦር የመጣሁት እኔ፣ «ወይ ጣጣ!» እያልኩ እገላበጣለሁ።

ለአባቴ ግን ሰዓታቸው ነበሩ። መስጊዱ ሩቅ ነው፤ ነፋስ ካልረዳ አዛኑ አይሰማም። «አውራ ዶሮ ውሸታም ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል» ይላሉ። ወፎቹ ሲንጫጩ ተነስተው ሱብሒ ይሰግዳሉ።

በወጣትነታቸው ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ማሽላ ሲጠብቁ ስለኖሩ ወፍን በድምፁ ይለዩታል። ከግራሩ ሥር ቁጭ ብለው «ያ ጭልፊት ነው፣ ጫጩቶችሽን ሰብስቢ» ይሉኛል። ቀና ስል ወላሂ ጭልፊቱ ከላይ ያንዣብባል! እያደር እኔም ጣመኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገምት ይስቁብኛል። «ቆቅና ጅግራ መለየት ያቃታት ነጋዴ! ገበያ ላይ ምን ስትሸጪ ኖርሽ?»

ዘንድሮ ማሽላው እሸት ሲይዝ ቢጫዎቹ ዘለላው ላይ ሲያርፉ አየሁና ነደድኩ። ግሪሳ የዓመት ልፋትን በአንድ ቀን የሚጨርስ ወፍ ነው።

«አባዬ፣ ግራሩ ካልተቆረጠ ይህ ግሪሳ አይለቀንም።»

«ግሪሳ አይደሉም ልጄ። ግሪሳ በመንጋ መጥቶ በመንጋ ይሄዳል። እነዚህ ጎረቤት ናቸው፤ ትንሽ ቢቀምሱም ይቅመሱ።»

«ሳያዩ በምን አወቁ?» አልኳቸው። ለዓይነ ስውር አባት! ምላሴን በቆረጠው።

እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በማግስቱ ቆራጭ ጠራሁ። በሞተር መጋዝ ጣለው። ጎጆዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ እንቁላል ነበረ። የደረቁትን ለእሳት ማቀጣጠያ ሰበሰብኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ግሪሳው መጣ። ሰማዩ ጠቆረ። ማማው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ ደበደብኩ፣ ወነጨፍኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ምን ሊፈይድ! ወንጭፌ የመታውን አንዱን አንስቼ አየሁት። ከቢጫዎቹ ያንሳል፤ መልኩ ድንቢጥ ነገር ነው፤ መንቁሩ ቀይ። ወስጄ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ዳሰሱት።

«መንቁሩ ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው፣ አባዬ።»

«ይኸው ነው ግሪሳ» አሉና መለሱልኝ። ምነው በሰደቡኝ ኖሮ!

ከዚያ ወዲህ ንጋትን የማበስራቸው እኔ ሆንኩ። «ልጄ፣ ነጋ?» ሲሉኝ ወጥቼ ሰማዩን አይቼ እመልሳለሁ።

አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ። ብንን ስል ፀሐይዋ በሩ ላይ ደርሳለች። ሮጥኩ። አባቴ ዉዱእ አድርገው፣ መስገጃቸውን አንጥፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«አባዬ፣ ረፍዷል እኮ! ለምን አልጠሩኝም?»

«ረፍዷል?» አሉ ደንግጠው። «ደጁ ዝም ስላለ ገና ሌሊት መስሎኝ ነው።»