የቀያሹ መስመርና የእናቴ ጉድጓድ

የመንደር ምስረታ ጊዜ ነው። ከባሌ ጋር ተጣልቼ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ከከተማ የመጣ ቀያሽ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ሜዳው ላይ ተክሎ፣ በአንድ ዓይኑ እያየ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የቧንቧ ውሃ አሰመረልን። ጉብታው ላይ ተበታትነን የምንኖረው ወርደን በረድፍ እንድንሰፍር ታዘዘ። ቧንቧውን እኔም ወድጄው ነበር፣ አልዋሽም።

ችግሩ እህላችን ነው። እኛ የዓመት ማሽላችንን መጥሙራ በምንለው ጉድጓድ ቀብረን ነው የምናስቀምጠው። ጉብታው ኮረታማ ስለሆነ ደረቅ ነው፤ ሜዳው ግን ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፣ ክረምት ከገባ ውሃ ይዞ አይለቅም። ቀያሹ ያየው በበጋ ነበር። እናቴ ይህን ብትናገር ምስረታውን የሚመራው ካድሬ ኋላ ቀር አላት።

መጀመሪያ የወረዱት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። በታዘዙት መሠረት ማሽላቸውን አዲሱ ግቢ ቀበሩ። የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ በቃው። ጉድጓዱ ሲከፈት ሽታው አባረረን። የዓመት ጉርሳቸው በስብሶ ሳይ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደም።

በማግስቱ የመውረዱ ተራ የእኛ ነበር። እናቴ ቀያሹን ጠርታ፣ መጥሙራ ከመቆፈራችን በፊት እንደምናደርገው ክንድ የሚያህል ጉድጓድ አንዱን ጉብታው ላይ፣ አንዱን ሜዳው ላይ ቆፍራ ውሃ ሞላቻቸው። ምሳ እስክንበላ የጉብታው ደረቀ። የሜዳው እንደ ሞላ ቆየን።

"ልጄ፣ መሣሪያህ ይኸን ነግሮሃል?" አለችው።

"አልነገረኝም፣ እማማ።"

ካድሬው ፕላኑ የጸደቀ መሆኑን ቢያስታውሳት፣ "እንግዲያው ያጸደቀው ሰው መጥቶ ከዚህ ጉድጓድ ይብላ" አለች። ቀያሹ ሳቁን መያዝ አቃተው። እርሳሱን አውጥቶ መስመሩን ሰረዘና ቤቶቹን ጉብታው ላይ መልሶ ሳላቸው። ካድሬው እያጉረመረመ ፈረመ።

የአሮጊቷን የሣር ጣሪያ ሳናፈርስ ከግድግዳው አንስተን፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን፣ እልል እያልን ዳገቱን ወጣን። ትከሻዬ ተልጦ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ግን የለም። ቧንቧው እንኳ ዳገቱን ስለማይወጣ ቀረ፣ ይቅር።

እናቴ የእኛን መጥሙራ ከፍታ ግማሹን ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው። ክንዳቸውን አስገብተው ዘገኑና፣ "ደረቅ ነው" ብለው አለቀሱ።

እናቴ ትስቅ ነበር። "ይዝገኑ እንጂ፣ ምን ያስለቅስዎታል?"