አጥሩ ሥር የተቀመጡት ሴትዮ

የዓለም የገንዘብ ሹማምንት በየሚያዝያው ዋሽንግተን ላይ ሲሰበሰቡ እኛም ለተቃውሞ እንወጣለን። ፖሊስም በየዓመቱ የብረት አጥሩን ከስብሰባው ሕንፃ ራቅ እያደረገ ይገፋዋል። ዘንድሮ አንድ መናፈሻ ጥግ ስለደረስን ብንጮህም የሚሰማን ርግብ ብቻ ነው።

አጥሩ ሥር አንዲት ሽበታም ሴትዮ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የቢሮ ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል። እንደ ሁላችንም ብንታሰር የምንደውልለትን የጠበቃ ስልክ ክንዳቸው ላይ ጽፈዋል፤ የሳቸው ቁጥር ግን ከመተለቁ የተነሳ ከክርናቸው እስከ መዳፋቸው ይደርሳል።

«ስታስሩኝ የዓይን መነጽሬን ትቀሙኛላችሁ፤ ያኔ በምን ላንብበው?» አሉት አጥሩን የሚጠብቀውን ወጣት ፖሊስ።

«ኧረ እማማ፣ ማን ያስርዎታል? አጥሩን አይለፉ እንጂ።»

«እሱን እንኳ ተወው፤ የምቃወመውን ሕንፃ ለማየትም ይሄ አስፈልጎኛል» ብለው ከቦርሳቸው የወፍ አጥኚዎች የሚይዙትን የሩቅ ማያ አወጡ።

ብዙ ቆዩበት። ፖሊሱም አላስቻለውም።

«ምን ይታያል?»

«አራተኛው ፎቅ፣ ዳር ያለው መስኮት» አሉ ከዓይናቸው ሳያወርዱት። «ጠረጴዛዬን ዛሬም አላነሱትም። አበባዬን ግን አድርቀዋታል።»