ባለ ድርብ መነጽሩ

በጦርነቱ መብራት ከተቋረጠ ወዲህ መርሳ ገበያ ብቅ የሚሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። መነጽር በመነጽር ላይ ደርበው፣ ከሰዓት ሠሪው ማጉያ ተውሰው፣ ጠገራ ብር የምትሸጠዋን ሴት «ዘወር በይ፣ ፀሐዩን ከለልሽብኝ» ይሏታል። ባትሪ ብታበራላቸውም አይወዱም፤ «ሲያብለጨልጭ ጭረቱን ይደብቃል፤ ፀሐይ በጎን ሲመጣ ነው ማለፊያው» ባይ ናቸው። ከዚያ ብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ደረት ላይ ዓይናቸውን ይተክላሉ።

«ኧረ አባባ፣ ይፈሩ እንጂ!» አለቻቸው ዛሬ ሻጯ፤ ገበያው ሳቀ።

«አስተግፊሩላህ! የጥርስ ምልክት እየፈለግሁ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ከቤቴ የተዘረፈው የሟች ባለቤቴ ጠገራ አለ። ኒካሕ ስናስር የሰጠኋት ነው፤ ሐሰተኛ እንዳይሆን ብላ ሰው ሁሉ ፊት ነክሳዋለች።»

ማጉያውን በእጅጌያቸው ወለወሉት።

«እኔን ግን ሳትነክስ ነው ያመነችኝ።»