የዛገው የጀልባ መደገፊያ

አብነት ሰፈር ባለ አንድ ብየዳ ቤት፣ ሌላ ሰው ያስዛገውን ብረት አንተ ነህ ያስዛግኸው ተብዬ ስሜ ጠፍቷል። ጥፋተኛው ባለቤቱ ጋሽ ታፈሰ ነበር።

ነገሩ የተቀሰቀሰብኝ ትናንት ነው። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ያስገጠመችው የስቴንለስ መደገፊያ በዚህ ክረምት ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። «ጋሼ፣ ሻጮቹ አይዝግም ብለው አይደል እንዴ የሸጡልኝ?» አለችኝ። ይዝጋል አልኳት። ሻይ ልቅዳ ስትል ትቻት ወረድኩ።

ያኔ አብነት ስሠራ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ማንበብ አልችልም፤ እጄ ግን ብረት ያውቃል። ላንጋኖ ለምትንሳፈፍ የሽርሽር ጀልባ መደገፊያና የገመድ ማሰሪያ ቀለበት እንድንሠራ ታዘዝን። ሁለት ሳምንት በየድኩ፣ ወለወልኩ፤ ፊት የሚያሳይ መስታወት አስመሰልኩት። የስቴንለስ ጠላቱ ተራ ብረት ነው። የተራ ብረት ፍንጣሪ ካረፈበት፣ ፍንጣሪው ይዝግና ጥሩውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ለብቻው ጥግ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ታፈሰ ግን የአንድ ግቢ በር አስቸኩሎት፣ ቱቦላሬውን፣ ያንን ተራ የብረት ቱቦ፣ እዚያው አጠገብ በግራይንደር መቁረጥ ጀመረ። እሳቱ መደገፊያው ላይ ይዘንባል።

«ጋሼ፣ መደገፊያው ጆንያ ይልበስ እንጂ፤ ፍንጣሪው እየነካው ነው» አልኩት።

«የማይዝግ ብረት እኮ ነው የሚባለው። ስሙን ማንበብ ያቃተው ሰው ደግሞ ብረት ሊያስተምረኝ ነው?»

ሠራተኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ መደገፊያው ተፈትቶ በፒክአፕ ተመለሰ። ሻይ የተረጨበት ይመስል ነበር። አራት ቀን ሙሉ ዝገት የሚያነሳ አሲድ በጨርቅ እየቀባሁ፣ በንጹሕ ውሃ እያጠብኩ፣ እንደገና ወለወልኩት። ጣቶቼ ከመላጣቸው የተነሳ የምሳ ሽሮዬን በማንኪያ ነበር የምበላው። ጸዳ።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ታፈሰ ወረቀት አቀረበልኝ። «ሥራውን ማስረከብህን ነው የሚለው። አሻራህን አሳርፍ።» አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ጫንኩ። ቆዳው ተልጦ ስለነበር አሻራው አልወጣ አለ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ወረቀቱ የሚለው ግን፣ በኋላ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ «በእኔ ጥፋት ዛገ» ነበር። ያንኑ ለጀልባው ባለቤት አሳየና እኔን አባረረኝ። ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ ሥራ የጠየቅኩበት ብየዳ ቤት ሁሉ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «አንተ ነህ አሉ ጀልባውን ያስዛግኸው» ይሉኛል።

ዘበኛ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ለእውቀት ብዬ አይደለም፣ ያችን ወረቀት በራሴ ዓይን ላነባት ነው። እንደምንም ቃል ማገጣጠም ስጀምር ወደ ጋሽ ታፈሰ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹም አውቀው ለግንቦት ልደታ ቀን ቀጠሩን፤ የሰፈሩ ሰው ንፍሮ ቀቅሎ ደጅ በተሰበሰበበት። ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ አስገደዱት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። አንዱ ሽማግሌ፣ «ታፈሰ፣ ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እውነት ነው?» አሉት። መሬት መሬት እያየ፣ «ፍንጣሪው የኔ ነው። ነግሮኝም ነበር» አለ። ወረቀቱ ተቀደደ። ይቅር ተባባሉ አሉን፤ ይቅር ብያለሁ አልኩ። ከአፌ ብቻ ነበር።

የሚያውቁኝ ሰዎች ዛሬም «በደህና አለቀልህ» ይሉኛል። እንጃ። ስሜ ሲመለስ እጄ ሥራውን ረስቶ ነበር፤ የሚጠራኝ ብየዳ ቤትም አልተገኘም። ለማንኛውም ጉዳዩ ያለቀው ግንቦት 1 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።