ከጭራው ሲቆጠር

በልብ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ የሹራባቸውን ቁልፎች ቀዳዳ አሳስተው ስለቆለፉ አንገትጌው ባንድ ጎን ጆሯቸው ሥር ደርሷል። ነርሷ ውጤታቸውን ይዛ መጣች።

«የደምዎ ስብ ጨምሯል፣ አባባ። ዓሣ ይብሉ፤ ኦሜጋ ሦስት አለው።»

«ይኸ ፀጉር ያለቀው እኮ የስብ አሲዶችን ስም ሳስተምር ነው፣ ልጄ» አሉ መላጣቸውን እየዳበሱ። «ካርቦኖቹ እንደ ቁልፍ ተደርድረዋል። እኛ ኬሚስቶች ከራሱ፣ አሲዱ ካለበት ጫፍ እንቆጥራለን። ኦሜጋ የሚሉት ከጭራው ይቆጥራሉ፤ የመጀመሪያው ድርብ ትስስር ሦስተኛው ካርቦን ላይ ከተገኘ፣ ኦሜጋ ሦስት አሉት። እኔ ሞኙ ስሙን በቃሌ ይዤ፣ ስቡን በሆዴ ያዝኩት!»

ነርሷ ሳቀች፤ ዓይኗ ሹራቡ ላይ አረፈ። «ታዲያ እንዲህ ቆጠራ አዋቂ ሆነው፣ ቁልፉ ምን ነካው?»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ከራሱ ነዋ የምጀምረው! ጭራው ጋ ስደርስ ጉዴ ይወጣል።» የታችኛውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ባለቤቴ ነበረች ከታች የምትጀምርልኝ። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

ነርሷ ወረቀቷን አስቀምጣ በርከክ አለችና ቁልፎቹን ፈትታ ከታችኛው መቆለፍ ጀመረች። የላይኛው ጋ ስትደርስ፣ ሽማግሌው ሳይነገራቸው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።