ሰው የማይጫንበት ነጭ ቫን

ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ ወደደም ጠላም ታክሲ ነው። ፌርማታ ላይ የአገሩን ሰው አይቶ ያለፈ እንደሆነ ወሬው ከሱ ቀድሞ የሐበሻ ካፌዎች ያሉበት ዳንፎርዝ ይደርሳል። ዘይኑ ግን በሥራ ቫኑ ማንንም አይጭንም ነበር። ስስታም ሆኖ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ መኪናው ግማሹን ሕንፃ ገበያ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ቫኑ የሚይዘው ለሆስፒታል የሚሄድ፣ ጨረር ያለው መድኃኒት ስለሆነ ነው።

ወጣትነቱን በአሰብ መንገድ ነዳጅ ሲያመላልስ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ጥንቃቄ አዲስ አልሆነበትም። ጠዋት ጠዋት የሣጥኑን ማኅተም ያያል፣ ቢጫውን ምልክት ያነባል፣ ጨረሩን በመሣሪያ ይለካል፣ በቀበቶ ጠፍሮ ካሰረው በኋላም አላምን ብሎ በእጁ ይነቀንቀዋል። የጭነቱን ወረቀቶች የበሩ ኪስ ውስጥ ያኖራል፤ ምናልባት እሱ ራሱን ቢስት እሳት አደጋዎች ምን እንደጫነ ወዲያው እንዲያውቁ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይላል።

በፈረንጆቹ 2012፣ ብርዱ ፊት በሚልጥበት የካቲት፣ አንድ ጠዋት ቀይ መብራት ፌርማታው አጠገብ አቆመው። የተሳፋሪው በር ተከፈተና ጋሽ በየነ ገብተው ተቀመጡ። ዘይኑ በሩን መቆለፍ ረስቶ ነበር። ጋሽ በየነ ማለት ዘይኑ ካናዳ በገባበት ክረምት ያኔ ስካርቦሮ በነበረው ቤታቸው ውስጥ ስድስት ወር ያኖሩት ሰው ናቸው። ጓንታቸውን እያወለቁ እስከ ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ እንዲያደርሳቸው ነገሩት፤ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም።

 ዘይኑ በአምስት ደቂቃ መንገድ ጨረሩ ያን ያህል እንደማይጎዳቸው ያውቃል። ሕጉ ግን ከሾፌሩ በቀር ሰው አይሳፈር ይላል፤ ለወዳጅ ከላላ ደግሞ ለማን ሊጠብቅ ነው? መብራቱን አልፎ ዳር ያዘ።

«ጋሽ በየነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውረዱልኝ። ፓኬጅ ይዤ ሰው መጫን አልችልም። አሁኑኑ ለያስሚን ኮል አደርጋለሁ፤ መጥታ ፒክ ታደርግዎታለች።»

ሽማግሌው ጓንታቸውን መልሰው አጥልቀው ወረዱ። የዘይኑ ልጅ ያስሚን ስትደርስም አልሳፈርም ብለው መለሷት።

ዘይኑ መድኃኒቱን አድርሶ ሲመለስ በሩን አለመቆለፉንና ሰው መሳፈሩን በገዛ እጁ ፎርም ላይ ጻፈ። ማንም አላየውም ነበር። አለቃው ወቀሰውም፣ አመሰገነውም። ሰፈሩ ግን ውለታ ቢስ አለው። ሚስቱ ሙሚና እንኳ አንድ ፌርማታ ቢያደርሳቸው ምን ነበረበት ብላ ተቆጣች። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ቢሄድ ጋሽ በየነ በር አልከፈቱለትም። ይሄ ከሁሉ ይልቅ ከነከነው።

መጋቢት ላይ ጋሽ በየነን ደረታቸውን ወጋ ወጋ አደረጋቸውና ለልብ ምርመራ ሆስፒታል ተጠሩ። የሆነውን ዘይኑ የሰማው ኋላ ነው። ቢጫ ምልክት ያለበት ሣጥን አይተው ምንነቱን ሲጠይቁ፣ የምርመራ ባለሙያዋ ጨረር ያለው የሳቸው መድኃኒት እንደሆነ፣ ጨረሩም በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገረቻቸው። የሚያመጣው ሾፌር አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ እንደማያውቅ ጨመረችላቸው። ስሙን ጠየቋት። ሲሰሙት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ለመርፌው ዘረጉ።

በሳምንቱ ያው መብራት ዘይኑን ያዘው። በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ፌርማታው ላይ ጋሽ በየነ የኔነሽ ከምትባል፣ ከአገር ቤት ከመጣች ወር ካልሞላት ሴት ጋር ቆመዋል። ዘይኑ አፍሮ አንገቱን ደፋ። የኔነሽ የአገሯን ሰው መልክ አይታ እንዲጭናቸው እጇን ስታነሳ ሽማግሌው ክንዷን ያዙ።

«ተይው ልጄ፣ እሱ ሰው አይጭንም» አሉ፣ ለዘይኑ ባርኔጣቸውን ከፍ እያደረጉ። «እኔንም አውርዶኛል።»